ቅጠሎቹ ብቅ የሚሉበት ቦታ

ለተከበሩ የልጆቼ አያት፣

እንደምን ከርመዋል? ያ ደረጃ ሲወጡ የሚያስቸግርዎት ቀኝ ጉልበትዎ ተሻለው ወይስ አሁንም ለሐኪም መንገሩን ትተው እሱኑ ይቆጡታል? የስፌት መኪናዎስ እንዴት ናት? ሰዉ ዛሬም ለነገ ጠዋት የሚፈልገውን ልብስ አመሻሽ ላይ ይዞብዎት ይመጣል? እኛ ደህና ነን። ልጄ ጠበቃው ቁመቱ ተመዝዞ ሱሪዎቹ በሙሉ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቀርተዋል፤ ክርክሩም አብሮት አድጓል። ስምንት ዓመቱ ነው ብሎ የሚያምን ሰው የለም። ታናሽ እህቱ ሚጢጢም ደህና ናት። የእሷን ግን «ደህና ናት» ብዬ አላልፈውም፤ ይህን ሁሉ ወረቀት ያነሳሁት ስለ እሷ ልጽፍልዎ ነው።

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ሚጢጢን ለእርስዎ እንድሰጥ፣ ሴት ልጅ ያለ ሴት እንደማታድግ፣ እምቢ ካልኩ ደግሞ ዳግመኛ ደጄን እንደማይረግጡ ጽፈውልኝ ነበር። የመጸው የትምህርት እረፍት እስኪያበቃ ድረስ መልስ እንድሰጥም ቀን ቆርጠውልኛል። ደብዳቤውን ሱቅ ውስጥ፣ ሌንስ ከምሞርድበት ማሽን አጠገብ ለጥፌ በየቀኑ አነበው ነበር። ተቆጥቶ ይሆናል ብለው ከሆነ አልተቆጣሁም። እውነቱን ልንገርዎትና እሺ ልል ነበር።

የመናኸሪያውን ቀን ማንሳት አልፈልግም፤ ግን መነሻው እሱ ስለሆነ ግድ ነው። ስምንት ወር ሆነው። ከአውቶቡሱ ወርደው፣ ዕቃዎን መሬት አስቀምጠው፣ ያንን ቢጫ ሻርፕዎን ከአንገትዎ ፈተው አውለበለቡ። ጠበቃው እየሮጠ ሄዶ አንገትዎ ላይ ተጠመጠመ። ሚጢጢ ግን ከእኔ ጎን እንደቆመች፣ ቀጥ ብላ ወደ እርስዎ እያየች፣ ፊቷ ላይ ምንም ነገር ሳይነበብ ቆየች። ከዚያም ዞር ብላ በጫማዋ ጫፍ ጠጠር መግፋት ጀመረች። እራት ላይ እርስዎ «ልጅቷ በዓይኗ እያየችኝ ፊቷን አዞረችብኝ፣ ይሄ ሰው ያስተማራት ነገር ነው» አሉኝ። እኔም ልጅ የሚወደውን ያውቃል ብዬ መለስኩልዎ። ያችን ቃል ምነው ዋጥ ባደረግኳት ኖሮ። እርስዎ ማንኪያዎን አስቀምጠው ተነሱ፤ በማግስቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄዱ።

ደግሞ ከዚያ በፊት ሲመጡ ያሉኝ ነገር ነበር። ይህች ልጅ ትደነቃቀፋለች፣ መጽሐፍ በአፍንጫዋ ነው የምታነበው፣ ዓይኗን አሳይልኝ ብለውኝ ነበር። እኔ ሳቅሁ። ሃያ ዓመት የሰው ዓይን ስለካ የኖርኩት ሰውዬ፣ የገዛ ልጄን ዓይን ሌላ ሰው ሊነግረኝ! እርስዎን ደስ ይበልዎት ብዬ ሱቅ ወሰድኳትና ሰንጠረዡ ፊት አቆምኳት። ያውቁታል፣ ሦስት ጣት ያላት ሹካ የምትመስል ምልክት በየመስመሩ እያነሰች የምትወርድበት ነው፤ ጣቶቿ ወዴት እንደዞሩ ነው የምንጠይቀው። ሚጢጢ ከላይ እስከ ታች፣ ብዙ ጎልማሳ የሚወድቅባትን የመጨረሻዋን መስመር ጭምር፣ አንዲት ሳትስት ለቀመችው። ሌላ ቀን ደገምኳት፣ አሁንም እንደዚያው። ለደንበኛ ሁሉ አወራሁ። ለእርስዎም ደረቴን ነፍቼ የንስር ዓይን ነው ያላት አልኩዎት።

ዓይኗ ደህና ከሆነ እንግዲህ ችግሩ ሌላ ነው ማለት ነው። አስተማሪዋ በደብተሯ ጀርባ «ከሰሌዳ ስትገለብጥ ትሳሳታለች፣ ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነው» ብላ ጻፈችልኝ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። እኔም ቀስ በቀስ ልጄ ዘገምተኛ ናት ብዬ ማመን ጀመርኩ። እናቷ ስትሞት አራት ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላትም ነበር። ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤት መልስ ውሎዋ እኔ ሱቅ ውስጥ ባንኮኒው ስር ነው፤ አሻንጉሊቷን ታቅፋ የሰው ጫማ ስታይ ትውላለች። እንዲህ ያደገች ልጅ ምን ትሁን ብዬ ጥፋቱን ወደ ራሴ አዞርኩት። ለእርስዎ ልሰጣት ወሰንኩ። ከዚያ በፊት ግን አራት ቀን ተራራ ይዣቸው ልውጣ አልኩ። ለእነሱ ሽርሽር ነው አልኳቸው። ለእኔ መሰናበቻ ነበር።

አውቶቡሱ መጨረሻው ላይ ሲያራግፈን መሽቶ ስለነበር ምንም አላየንም። ከአንዲት የደን ጠባቂ ቤት አንድ ክፍል ተከራየን፤ ምድጃ አለው፣ ሁለት አልጋ፣ ወደ ሸለቆው የሚያይ አንድ መስኮት። ሴትዮዋ ትልቅ ቦት ጫማ የምታደርግ፣ ከሰው ይልቅ ከዛፍ ጋር ብዙ ያወራች የምትመስል ናት። ጠዋት ተነስቼ በሩን ስከፍት፣ ምን ልበልዎ፣ እግሬ ደጃፉ ላይ ቀረ። ማዶ ያለው ተራራ ከግርጌው እስከ ጫፉ ቢጫ፣ ቀይ፣ የተቃጠለ ሸክላ የመሰለ ቀለም ለብሷል፤ በመሃል በመሃሉ ጥዶቹ ጥቁር አረንጓዴ ሆነው ቆመዋል። ከታች ሸለቆው በጉም ተሞልቶ የወንዙ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ነፋስ የለም፤ ያም ሆኖ ቅጠል ይረግፋል። ጸጥታው ከመብዛቱ የተነሳ አንዲት ቅጠል መሬት ስትነካ ትሰማለች።

እኔ ቀኑን ሙሉ ከክንድ በማይርቅ ነገር ላይ ዓይኔን ተክዬ የምውል ሰው ነኝ። ሌንስ፣ ብሎን፣ የሰው ቅንድብ። ከክንዴ ወዲያ ያለውን ዓለም ረስቼው ኖሯል። ይህን ሁሉ ማን ሠራው፣ ማንስ እንዲያየው ነው ብዬ እንደ ልጅ ፈዝዤ ቆምኩ። ልጅዎን አሰብኳት። እሷ ብትኖር ኖሮ በዚያ ብርድ በሌሊት ልብሷ ወጥታ ሁላችንንም በጩኸት ትቀሰቅሰን ነበር።

ልጆቹ በሁለት ቀን ውስጥ የተራራው ባለቤት ሆኑ። ጠበቃው የወደቀ ቅጠል የዛፉ ነው ወይስ ያነሳው ሰው ነው የሚል ክስ ከፍቶ ደን ጠባቂዋን አደከማት። ኪሳቸው፣ ኮፍያቸው፣ ካልሲያቸው ሳይቀር በቅጠልና በፍሬ ተሞላ። የክፍላችን ጥግ እስከ አልጋው ጠርዝ ተከመረበት፤ ሴትዮዋ በመስኮት አይታ ቤቴ ውስጥ ደን ሊያቆጠቁጥብኝ ነው አለች።

ሚጢጢን ደግሞ ባዩዋት! ሽበት የመሰለ ነገር የበቀለበት ድንጋይ ላይ በሆዷ ተኝታ ግማሽ ሰዓት ትቆያለች። የጥንዚዛ ጀርባ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች ቆጥራ ሰባት ናቸው ትለኛለች፤ ጎንበስ ብዬ ሳይ ሰባት ናቸው። ከምስማር ራስ የማይበልጡ እንጉዳዮች ግንድ ስር አግኝታ ማንም እንዳይረግጣቸው ዙሪያቸውን በጠጠር አጠረች። የቅጠል ደም ሥር በጣቷ እየተከተለች መንገድ ነው፣ ጉንዳን በዚህ ነው የሚሄደው ትላለች። ዘገምተኛ ያልኳት ልጅ ይህች ናት? በራሴ አፈርኩ፤ ግን አሁንም አልገባኝም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሜዳ መሃል ብቻውን ወደቆመ አንድ ትልቅ ዛፍ ወጣን። ስሙን አላውቀውም፤ ቅጠሉ መዳፍ የሚያህል፣ የእንቁላል አስኳል የመሰለ ቢጫ ነው። ነፋስ ተነሳና ዛፉ ቅጠሉን ይለቀው ጀመር። ልጆቹ መሬት ሳይነካ መቅለብ የሚል ጨዋታ ፈጠሩ። ጠበቃው አሥራ አንድ ቀለበ። ሚጢጢ ሁለት ብቻ ነው የቀለበችው፤ ደስታዋ ግን የእሱን አሥር እጥፍ ነበር። ፊቷን ወደ ሰማይ ሰቅላ፣ እጇን ዘርግታ ትቆማለች፤ እያንዳንዷ ቅጠል ፊቷ ጋ ስትደርስ ደንግጣ ትንከተከታለች።

ሲደክማት መጥታ ጭኔ ላይ ተቀመጠችና ቅጠሎቹ ከመምጣታቸው በፊት የት ነው የሚቆዩት ብላ ጠየቀችኝ። ዛፉ ላይ ነዋ አልኳት። አይ አባዬ አለችኝ፣ ለአላዋቂ ሰው እንደሚታዘን እያዘነችልኝ። «የዛፍ ቅጠል አውቀዋለሁ፣ እሱ እጅ የሚደርስበት ቅርንጫፍ ላይ ያለው ነው። እነዚህ ግን ከአየር ነው የሚመጡት፤ እዚህ ጋ ሲደርሱ ብቅ ይላሉ።» ይህን ስትል ትንሿን እጇን ዘርግታ ከጣቷ ጫፍ ወዲያ ያለውን ባዶ ቦታ አሳየችኝ። ከዚያ በላይ ምን ይታይሻል አልኳት። ከዚያ በላይማ ቀለም ብቻ ነው አለችኝ።

ክው አልኩ። ማዶ ያለው ተራራ ላይ ምን ይታይሻል ብዬ ስጠይቃት ዘወር ብላ ወንድሟን አየችው። ወንድሟ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ሹክ ሊላት ሲሞክር ያዝኩት። ምን እያደረግክ ነው ስለው፣ ጠበቃ አይደል፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ተከራከረኝ። «ትንሽ ልጅ ሩቅ አያይም፤ እንደ ጥርስ ነው፣ ስታድግ ይመጣላታል። እስከዚያ እኔ እነግራታለሁ።» ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ መንገድ ስንሄድ፣ እዚያ ውሻ አለ፣ እዚያ አስተማሪሽ ቆማለች፣ እያለ በጆሮዋ ሲነግራት ኖሯል። ሁልጊዜ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲሄዱ እያየሁ እንዴት ይዋደዳሉ እያልኩ ደስ ይለኝ ነበር።

ያ ሰንጠረዥስ? ሚጢጢዬ፣ ሱቅ ያለውን ሹካ እንዴት አነበብሽው አልኳት። ተነስታ ገመድ እንደምትዘል ሆና እየዘለለች ዘፈነችልኝ። ወደ ላይ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራ። እስከ መጨረሻው መስመር፣ አንዲት ሳትስት። እሱማ የሱቅ መዝሙር ነው አለችኝ። ባንኮኒው ስር ተቀምጣ ሦስት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ደንበኛ ሁሉ በየተራ ሲለው ስትሰማ፣ እኔ አንብብ ያልኩት ሰው ሁሉ መዝሙሩን የሚዘምር መስሏት ነበር። የሚሳሳቱት ደንበኞች ያሳዝኗት እንደነበርም ነገረችኝ። ሌላ ልጅ ቢሆን ኖሮ እኮ በመጀመሪያው ቀን ይያዝ ነበር። የመነጽር ሰሪ ልጅ መሆኗ ነው የደበቃት።

አሁን የምነግርዎት ይቅርታ የሚጠየቅበት ነገር ነው። በለቅሶው ሳምንት የልጅዎን መነጽር ለማስታወሻ ጠይቀውኝ ነበር። ሆስፒታል ውስጥ ጠፋ አልኩዎት። አልጠፋም። ያ ቡናማው፣ ስታስብ ጆሮ ላይ የሚያርፈውን የግራ እጁን ጫፍ የምትነክሰው። ልጅ ሳለች እርሳስ እንዳትበላ ሲቆጧት እንዳደገች እርስዎው ነዎት የነገሩኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በኮቴ የውስጥ ኪስ ይዤው ነው የምሄደው። ጠዋት ጠዋት እወለውለዋለሁ፤ ማንም አያደርገውም፣ ግን እወለውለዋለሁ። ለእርስዎ ብሰጠው ባዶ ኪሴን የምቀር መሰለኝ። ዋሸሁዎት፤ ይቅር ይበሉኝ።

እዚያ ዛፍ ስር አወጣሁት። የእናቷ ቁጥር ለእሷ ልክ እንደማይሆን አውቃለሁ፤ ለጥቂት ደቂቃ ግን ምንም አይላትም ብዬ አፍንጫዋ ላይ አደረግሁላትና እንዳይወድቅ በሁለት እጄ ደግፌ ያዝኩላት። ትንፋሿ ጣቴ ላይ ይሰማኝ ነበር፤ ቆመ። ፈራሁ። ከዚያ በጣም ቀስ ብላ «ለየብቻቸው ናቸው» አለች።

እማማ፣ እኔ ስንት ሺህ ሰው መነጽር አድርጌለታለሁ። እንዲህ ያለ ፊት ግን አይቼ አላውቅም። ከዛፉ ጫፍ አንዲት ቅጠል ለቀቀች። የሚጢጢ ራስ ከእጄ ጋር አብሮ እየዞረ ተከተላት፤ ቅጠሏ ተገለበጠች፣ ነፋስ ወደ ጎን ገፋት፣ ተመልሳ መጣች፣ ሣሩ ላይ አረፈች። ሲለቃት አየሁት አለችኝ። አባዬ፣ ዛፉ ሲለቃት አየሁት! ደግሞ ሌላ፣ ደግሞ ሌላ። እጄ እስኪዝል ድረስ ያንን ስናደርግ ቆየን። ከዚያ ማዶውን አሳየኋትና ረጅም ጊዜ አይታ ሩቁ በጣም ብዙ ነው አለች። ጠበቃውን አሥር እርምጃ ርቆ እንዲቆም አደረግነው፤ አየችውና ከሩቅም ፊት አለው ብላ ጮኸች። እሱም ኩራት ይዞት ምላሱን አወጣላት። ወደ እኔ ዞራ ደግሞ አባዬ ጢምህ ነጭ ነጭ አለው አለችኝ። እየሳቅሁ ነው ያለቀስኩት።

ወደ ቤት ስንወርድ የመናኸሪያውን ቀን አነሳሁባት። አያትሽ የመጡ ዕለት ትዝ ይልሻል? አዎ አለች፤ ሩቅ ላይ የሚያምር ቢጫ ነገር ሲወዛወዝ ነበር። ታዲያ ምነው አልሮጥሽም ብላት ምን እንዳለችኝ ያውቃሉ? አያቴ ብቅ እስክትል እየጠበቅኩ ነበር አለችኝ። ጠጠሩን ስትገፋ እኮ እየጠበቀችዎት ነበር። እርስዎ ተቆጥተው በአጠገቧ ሲያልፉ አያቷ ለምን እንደተቀየመች ሳይገባት ስምንት ወር ኖረች። እኔም ልጅ የሚወደውን ያውቃል ብዬ ያንን ሁሉ ቆሻሻ በሁለታችሁ ላይ ደፋሁ።

እንደተመለስን ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሟ ታሪኩን ስትሰማ በሳቅ ፍርስ አለችና ሹካውን ትታ ልጅቷ አይታው የማታውቀውን የሥዕል ሰንጠረዥ አወጣች። የመጀመሪያዋን መስመር እንኳ አላለፈችም። ጠብታ ጨምራ በደንብ መረመረቻት፤ ሩቅ አለማየቷ እንጂ ሌላ ምንም የለባትም። የእናቷን ዓይን ነው የወሰደችው። ሁለት ቀን ሱቁን ዘግቼ ሌንሱን ራሴ ሞረድኩት። ለፍሬሙ መደርደሪያው ላይ ካሉት ሮዝም፣ ሰማያዊም፣ አብረቅራቂም አቅርቤላት አንዱንም አልወደደችም። የመረጠችውን አልነግርዎትም፤ ሲያዩት ያውቁታል።

እንግዲህ መልሴ ይኸውና። ሚጢጢን አልሰጥዎትም። ሳላያት ልሰጣት ነበር፤ አሁን አይቻታለሁ፣ አልችልም። እርስዎንም ግን ማጣት አልፈልግም። ሴት ልጅ ያለ ሴት አታድግም ያሉትን አልተከራከርኩም፤ ዓይኗን አሳይ ያሉኝም እርስዎ፣ ልክ የነበሩትም እርስዎ። ሱቁ ውስጥ መስኮቱ ስር ያለውን ቦታ በሜትር ለካሁት። የስፌት መኪናዎ ከነወንበሩ ይገባል፣ ብርሃኑም ከጠዋት እስከ ማታ አይጠፋበትም። መኝታ ቤቱን ለእርስዎና ለእሷ እንለቃለን፤ እኔና ጠበቃው ሳሎን እንተኛለን። ጠበቃው ውሉን በጽሑፍ አድርግልኝ ብሏል። ያስቡበት፤ ቀን አልቆርጥብዎትም።

ለመኖር ባይሆን እንኳ ለማየት በሚቀጥለው ቅዳሜ ይምጡልኝ። አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። ከአውቶቡሱ ሲወርዱ ሻርፕዎን አያውለብልቡ፣ እጅዎንም አያንሱ፣ አይጥሯት። እኛ ከትኬት መስኮቱ ደጃፍ፣ ከወዲያኛው ዳር እንቆማለን። በየትኛው አውቶቡስ እንደሚመጡ አልነግራትም፤ ወንድሟም ሹክ እንዳይላት አስምዬዋለሁ። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ዝም ብለው ይቁሙ። ጉልበትዎን አያድክሙት፤ መሮጡን ለእሷ ይተዉላት።

እድሜዎን ያርዝምልኝ፣ ጉልበትዎን ያጽናልኝ፣ በልጅዎ ልጆች ደስታ ልብዎን ይካስልኝ።

አክባሪዎ፣
ልጅዎ ያገባችው መነጽር ሰሪ

ሳልነግርዎት እንዳልረሳ፦ በፖስታው ጥግ በጥጥ የጠቀለልኳት ትንሽ ቡናማ ቁራጭ አለች፤ ቆሻሻ መስላዎት እንዳይጥሏት። ለስድስት ዓመት ልጅ ጆሮ ስለረዘመ የፍሬሙን የሁለቱንም እጆች ጫፍ መቁረጥ ነበረብኝ፤ ይህች የግራው ናት። መስኮት አጠገብ ይቀመጡና ጫፏን በጣትዎ ይዳስሷት። ልጅዎን ስንት ዓመት ተቆጥተው ያላስተዉዋት ልማድ ምልክቱ እዚያ ላይ አለ።